ጋን ለኪው

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ በአስቀሎና ዳር፣
ከአራተኛው ጋን ጣሪያ፣ ከጨው ነፋስ ጋር፣
ሰማንያ ሁለቱን ደረጃ ወጥቼ፣
ክዳኑን ከፍቼ፣
ሜትሬን ወደ ጥቁሩ እሰዳለሁ ቁልቁል፣
ጫፉ ላይ አስሬ የነሐስ እንክብል።

ጋን እለዋለሁ እኔ። እነሱ ሌላ ስም አላቸው፤
ቁጥርና ፊደል ነው የዕብራይስጥ ቃላቸው።
ለእኔ ግን ጋን ነው፣ ሆዱ እንደ ዋሻ የገባ፣
ሲሞላ ዝም የሚል፣ ሲጎድል የሚያስተጋባ።

ሜትሩ ሲመለስ፣ በጨርቅ እየጠረግሁ፣
እርጥቡ የቆመበትን በባትሪ ፈለግሁ።
ከትናንቱ አንድ ክንድ ወርዷል።
ከትናንት ወዲያም እንዲሁ፣ አንድ ክንድ ሄዷል።

መርከቧ ግን እዚያው፣ ከአድማሱ በታች ቆማለች፤
ሦስተኛ ሌሊቷን መብራት አጥፍታለች።
ስሟን ቀለም ቀብተው፣ ባንዲራዋን ቀይረው፣
በማን ወደብ ዞረው፣
ከማን እንደ ገዙ እንዳይታወቅ ነው።
ማዕበል የለም ዛሬ። ያቆማት ወሬ ነው፣ ኢንሹራንስ ነው፣
ሩቅ አገር አንድ ሰው እስክሪብቶ ይዞ ያልፈረመው።

ይፊም የባኩ ልጅ ነው፣ የሌሊት አለቃ።
ባለፈው ወር ናሙና ሲያሸት፣ ዓይኑ ከሩቅ ነቃ፤
«ይሄ የሰፈሬ ነው» አለ፣ ጠርሙሱን ወደ አምፖሉ አንስቶ፣
«አባቴ ይህን ሸትቶ ነበር የሚገባ፣ ማታ በር ከፍቶ።»
ቀናሁበት ለአንድ አፍታ፤
በዚህ ቧንቧ አይመጣም ስሜን የሚጠራ ጠብታ።

ቁጥሩን ጻፍሁ። አጠፍሁ። ይፊም ተቀበለኝ።
«በአስቀሎና አደባባይ አይወራም» አለኝ፣
ጣቱን በከንፈሩ አቁሞ።
ከተማው ተኝቷል፣ ምንም እንዳልሆነ ደግሞ፤
ዳቦ የጫነው መኪና በአሽዶድ መንገድ ይመጣል፤
አምቡላንስ አንዲት ምጥ የያዛት ይዞ ያፏጫል።
ማንም ነዳጅ ሲቀዳ «የማን ነው?» አይልም።
እኔም ደመወዜ ሲገባ፣ አልጠየቅሁም።

«ጋን በጠጠር ይደገፋል።» እውነት ነው፣ አልክድም።
የእኛ ጋን ጠጠር ግን ከእኛ ደጅ አልወጣም፤
በሰው ኪስ ነው ያለው፣ ሲያሻው የሚያንቃጭለው።

አባቴ አየልኝ በጠለምት ብረት ቀጥቃጭ ነበር።
ከእጁ የወጣ ማረሻ ጭንጫውን ይሰነጥቅ ነበር፤
መሬት ግን አልነበረውም፤ አንድ ጋት፤ አንድ ዛፍ።
ከሰል የሚገዛው ከግራዝማች ወንድይራድ ደጃፍ፣
በእሱ ስፍር፣ በእሱ ዋጋ፣ እሱ ደስ ባለው ቀን፣
ደጅ ጠንቶ፣ እጅ ነስቶ፣ ስልቻው እስኪመዘን።
አንድ ዓመት ግራዝማች «ዛፌን አትንካ፣ ቡዳ» ብሎ ከለከለ።
ወናፉ እንደ ሞተ ፍየል ተኮማትሮ ዋለ።
ማረሻ አልተሳለም። የግራዝማችም እርሻ ጦም አደረ።
አባቴ ይህን ሲያወጋ፣ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ይስቅ ነበረ።

ዘጠና አልፎታል ዛሬ፤ ቀንና ዓመት ይቀላቀልበታል።
አራተኛ ፎቅ፣ ከፈረቃ ስገባ፣ ልብሴን ይዞ ያሸታል።
«ከሰሉ መጣ?» ይለኛል፣ ጠዋት ጠዋት፣ ሳይሰለች።
እኔም ለሚስቴ የማልነግረውን፦ «አልመጣም አባ። ደጅ ቆማለች።
የቀረን ሦስት ክንድ ነው።»
ዝም ይላል። በብርድ ልብሱ ላይ
በጣቱ ይሰፍራል፣ ይሰፍራል።
«በል እንግዲያ አመድ መልስበት። እሳቱን አዳፍነው።»

ከዚያ በመስኮቱ ያያል። ባሕሩ ላይ ያቺ ጥላ።
«የማን ናት?»
«አላውቅም አባ።»
«ካላወቅህማ የወንድይራድ ናት» አለና፣
ፊቱን አዞረ ወደ ኋላ።