የምንጩ ስም

ረቡዕ ማለዳ ከዳንግላ ወጣን፣
የትናንቱ ጭቃ ከጎማው ሳይለቅ ሌላ ጭቃ ይዞን።
እኔ ከውሃ ጽሕፈት ቤት፣ ቅጼን ተሸክሜ፣
አርባ አንድ ምንጭ ልመዘግብ፣ ለአበሉ ጎምጅቼ፣ ዝናቡን ረግሜ፤
ሾፌሩ ልየው፣ የከረመ ጉንፋን የሚያስለው፤
ሦስተኛው ዲትማር፣ ጀርመናዊ፣ ሽበታም፣ መጠየቅ የማይሰለቸው።

ቅጹ እንዲህ ይላል፦
ተራ ቁጥር። ቀበሌ። ፍሰት፣ በሊትር በሰከንድ።
የምንጩ ስም።
ከዚያ ወዲህ፣ በዲትማር ልመና፣ በእጄ ያሰመርኩት ጠባብ ዓምድ፦
የስሙ ትርጉም።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ፍሰቱን ባልዲና ሰዓት ይለካል፤
ስም ሲፈስ ማን ደርሶበት ያውቃል?

አንዱን «ሙሽራ ጣይ» አሉን፤ በቅሎ ሙሽራ ጥላለች አሉ፣
«የለም፣ ሙሽራዋ ናት በቅሎውን የጣለች» ተባብለው ሁለት ወንድማማች ተጣሉ።
ሌላውን «ጥቁር ውሃ» አሉን፤ ዲትማር ደስ አለው፤
«ሽቫርትስባኽ!» አለ፤ «ሽቫርትስ ጥቁር፣ ባኽ ወንዝ ነው፤
እኛም አገር አለ።» ልየው መሪውን ለቆ ሳቀ፦
«ታዲያ ማንም ስም አላወጣም፤ ያየውን ተናገረ፣ አለቀ።»

በስድስተኛው ቀን አጉቲ ደረስን።
ከቀርከሃው ሥር፣ እንደ እጅ ትርታ
ቆም፣ ፈለቅ፣ ቆም የሚል ውሃ አየን።
መሪጌታ እንደግ መቋሚያቸውን ተከሉና፦
«በደጉ ዘመን የንጉሥ ልጅ እዚህ ጎንበስ ብላ ጠጥታ፣
ጣለችው የወርቅ ጉትቻዋን፣ ሳታውቀው ከጆሮዋ ተፈትታ፤
ጉትቻ፣ ጉቲ፣ አጉቲ፤ በዚሁ ቀረ» አሉን።
«ወርቁስ?» አለ ልየው።
«ወርቁን ለባለቤቱ ተወው፤ አንተ ስሙን ጠጣ።»

ጻፍኩት። ያምር ነበር፤ ከዓምዱም ተረፈ።
ከኋላ አንድ ቅል የያዘ እጅ ትከሻዬን ነካ፣
አያ ቢረሳው ናቸው
(ስማቸው ነው እንጂ፣ የሚረሳስ ሌላ ነው)።
«ሰርዘው ልጄ» አሉ። «ጉትቻም የለ፣ የንጉሥ ልጅም የለች።
እናቴ ሲጠማት፣ በአገውኛ፣ ‘አጉ’ ነበር የምትለው፤
አጉ ማለት ውሃ ነው፤
ሌላ የለበትም፣ ሌላም አልጎደለው።»

ዲትማር ባልዲውን መሬት አስቀመጠ፣ ሙሉ ይመስል፣ በዝግታ።
«የመንደሬ ወንዝ አኽ ይባላል» አለ።
«መምህራችን ሲያስተምረን፣ አንድ ባላባት ከነፈረሱ ሰጥሞ
‘አኽ!’ ብሎ ሞተ፤ አኽ በኛ ወዮ ማለት ነው፤ ስሙ ከዚያ ቀረ።
በስምንት ዓመቴ ለዚያ ሰው አልቅሻለሁ።
ጎልምሼ መጽሐፍ ብገልጥ፣ አኽ በጥንቱ አፍ ውሃ ነበረ።
ባላባቱም የለ፣ ፈረሱም የለ።
ከአኽም የሚያረጁ የወንዝ ስሞች አሉን፣
ሰዎቹ አልፈው፣ ቋንቋቸው ከስሞ፣
ውሃው ብቻ እያንከባለለ ያቆያቸው፤
ምን ማለት እንደሆኑ የሚነግረን የለ።»

አጉ። አኽ።
ሁለቱ ሽማግሎች በጉሮሯቸው እየተቀባበሉ ሞከሩት፤
አንዱ የሌላውን ሲል፣ ሌላው እያረመው።
«ዝምድና አይደለም» አለ ዲትማር ፈጥኖ፤ ጠንቃቃ ሰው ነው፤
«አጋጣሚ ነው።»
«ጥማቱም አጋጣሚ ነው?» አሉ አያ ቢረሳው፣
ቅሉን እያቀበሉት።

ቢሮ ስንገባ ኃላፊው ቀይ እስክሪብቶ አነሣ፦
«የውሃ ስም ውሃ? ትርጉሙም ውሃ? በመንግሥት ወረቀት ቀልድ?»
በማስመሪያ ሰረዘው፣ ከነዓምዱ፣ በአንድ እጁ ሻዩን እያማሰለ።
በዓመቱ ቧንቧ ገባ። ሲሚንቶው ላይ በሰማያዊ ቀለም
«ቦኖ 17» ተባለ።

አምና ሄጄ ነበር። አያ ቢረሳው የሉም።
አንዲት ልጅ ቢጫ ጀሪካኗን ወረፋ አስይዛ ትጠብቃለች።
«ይሄ ምን ይባላል?» «አሥራ ሰባት።»
«ለምን?» ብላት፣ ቀርከሃውን አየችና ትንሽ አሰበች፦
«ድሮ የንጉሥ ልጆች አሥራ ሰባት ጉትቻ ጠፍቶባቸው ነው» አለች፤
አላፈረችም።

ቅጽ አልያዝኩም። ጎንበስ ብዬ
በመዳፌ ጠጣሁ፤ እስከ ጥርሴ ሥር ቀዘቀዘኝ፣
«አኽ!» አልኩ፣ ሳላስበው።