የቦዬ ጉማሬ

ከሌሊቱ አሥራ አንድ፣ ገና ሰማይ ሳይነጋ፣
ቦታ ይዣለሁ፣ በርጩማ ተክዬ፣ ካዌቱ ድልድይ ጋ።
አምና ተምሬያለሁ፤ አርፍዶ የመጣ ሰው
የሰው ማጅራት አይቶ ነው ቤቱ የሚመለሰው።

ከጎኔ አስካለች ናት፣ የሂርማታ ሽንኩርት ነጋዴ፣
‘ይዘንባል’ ትላለች፣ ሰማዩን አይታ አንዴ፣ ስልኳን አይታ አንዴ።
የጅማን መስከረም ማን አምኖት ያውቃል?
ልብስ አሰጥቶ ሲያበቃ ፀሐዩን ይነጥቃል።

ከፈረንጅ አራዳ ጡሩምባ ተሰማ።

መጀመሪያ ያለፈው የጅሬን ቤተ መንግሥት፣ ባደይ ተሸፍኖ፣
ጣራው የመብራት ሽቦ ነካና ቆመ ተጀንኖ፣
ሁለት ጎረምሳ ሽቦውን በአጣና ሽቅብ እስኪያነሱለት።
‘መብራት ኃይል ፊት ቤተ መንግሥትም ግዱ ነው ጎንበስ ማለት’
አለች አስካለች።

ቀጥሎ ባጃጆች፣ አርባ ይሆናሉ፣
መስታወታቸው ላይ ጽጌረዳ ሰክተው ጡሩምባ ይነፋሉ።
አንደኛው ግን ልማድ አለቅ ብሎት፣ ከሰልፉ መካከል
‘አጂፕ! አንድ ሰው! አጂፕ!’ ይላል ሳይከለከል።

እኔ የምጠብቀው የቦዬን ጉማሬ፤
የኸሊፋ አይሱዙ፣ ትናንትና ከሰል፣ ነገ በርበሬ፣
አበባ የሚጭነው በዓመት አንዴ፣ ዛሬ።
አጥንቱ ሸምበቆ፣ ቆዳው ጆንያ ነው፣
ሌሊቱን በሙሉ ሐምራዊ አበባ በመርፌ የሰፋነው፤
ጣቴን ወግቶኛል፣ ምስክር ፕላስተሩ ነው።

ሆዱ ውስጥ፣ ጨለማው ውስጥ፣ ወንድሜ አለ፣ ነዚፍ፣
አፉን በገመድ የሚከፍት፣ ጆሮውን የሚያርገፈግፍ።

አምና ውጤት ከመጣ ወዲህ ቀን ወጥቶ አያውቅም፤
‘ስንት አመጣህ?’ የሚል ሰው መንገዱን አይለቅም።
ማታ ነው የሚወጣው፣ ሰፈሩ ሲተኛ፤
‘ጉማሬም እንደኔው ነው’ ይለኛል፣ ‘የማታ መንገደኛ።’
ኸሊፋ ሰው ሲፈልግ ለጉማሬው ሆዱ፣
‘እኔ እገባለሁ’ አለ፣
ዓመት ሙሉ እምቢ ያለው፣ ሳይለመን፣ በፈቃዱ።

መጣ። ቀስ ብሎ። አፉን እየከፈተ።
ድልድዩ ላይ ሲደርስ ሞተሩ ሞተ።
‘ውሃ አይቶ ነው የቆመው’ አለ አንድ ቀልደኛ፣
‘ውስጡ ምን አለ? ግለጡት’ አለ ሌላ ጉደኛ።

ያኔ ዘነበ።
ግማሹ ሰው በየበረንዳው ተሰበሰበ።
አበባው ከጆንያው እየለቀቀ ወደ አዌቱ ወረደ፣
የሌሊት ሥራዬ በውሃው ሄደ፣
ጎኑም ተራቆተ፣ ጽሑፍ ብቅ አለ፣ ‘የተጣራ ክብደት፣ ስድሳ ኪሎ’ ይላል።
(የነዚፍም ልክ ይኸው ነው፣ ከከሳ ወዲህ፤ ይበልጥ ቢባል በአንድ ይበልጣል።)

ከሥር እጅ ወጣ፣ ከዚያ ራስ፣ ከዚያ ትከሻ።
ዐይኔን ጨፈንኩ፤ እኔ ነኝ የጠፋኝ መሸሻ።

ስገልጥ ከኋላ ነው፣ አይሱዙውን ተደግፎ፣
‘ምን ታያላችሁ? ግፉ እንጂ!’ ይላል፣ እጅጌውን አጥፎ።
ሰው ከየበረንዳው ወጣ። አስካለች እንኳ፣ ዣንጥላዋን ጥላ።
ገፋን።
ሞተሩ አንዴ አሳለ፣ ሁለቴ አሳለ፣ ተነሣ፣
ጭሱን ፊታችን ላይ ተፍቶ፣ ምስጋናችንን ረሳ።

አንድ ሽማግሌ ወደ ወንድሜ ቀረቡ፣ ፊታቸውን በፎጣ እየጠረጉ፣
‘ስንት…’ አሉት፣
ትንፋሼን ዋጥኩ፣
‘ስንት ሰዓት ቆየህ እዚያ ውስጥ፣ ልጄ?’

‘ዓመት’ አላቸው።

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እሱም ሳቀ።
እጄ ላይ የተጣበቀውን ሐምራዊ አበባ አራገፍኩ፤ አንዱ አልለቀቀ።
ያ ባጃጅ ከወዲያ ዞሮ መጣ፣ ጽጌረዳው ዘምሞ፣
‘አጂፕ! አንድ ሰው!’ ይላል አሁንም፣ ጥግ ይዞ ቆሞ።

ነዚፍ እጁን አነሣ።