ስልሳ ሰከንድ

ከሽንዲ ስነሳ፥ ገና ጎህ ሳይቀድ፣
እናቴ ጨመረች፥ ከሻንጣዬ ሆድ
በሁለት ፌስታል፥ ጠቅልላ ያሰረችው
የወምበርማ በርበሬ፥ ራሷ ደልዛ ያደረቀችው።
«አገሩ ብርድ ነው፥ ይሄ ያሞቅሻል» አለች፤
ሌላም ልትል ነበር፥ አውቶቡሱ መጣና ተወች።

ቡሬን አለፍን። ፍኖተ ሰላም ላይ ወረደ ሰው፤
ደምበጫ ስንደርስ መስኮቱን ዘጋው፥ ከጎኔ የተቀመጠው።
ከዚያ ወዲያ ሽቅብ ነው፥ ጭጋግና ገብስ፤
በእኔ ሻንጣ ሰበብ፥ የኋላው ወንበር በሙሉ ሲያስነጥስ።

ደብረ ማርቆስ በጥቅምት
ውሃው ጥርስ አለው፥ ይነክሳል፤
ባጃጁ «ወዴት ነሽ?» ብሎ፥ ሳልመልስ ይገሰግሳል።
አብማ በኩል፥ ከእትዬ ላቀች ግቢ
አንዲት ክፍል፥ ለሦስት ሰው፥ ሁለት ፍራሽ፥ አንድ አምፖል፤
«ከምሽቱ ሦስት በኋላ፥ በሩ አይከፈትም» ተብሏል።
«የማነሽ?» አሉኝ እትዬ፥ ኪራዩን ከመቁጠር በፊት።
አባቴን ጠራሁላቸው። አያቴንም።
ጠበቁ፥ ከስሙ ማዶ
ብቅ እንዲል የሚያውቁት ፊት።
አንድም አልመጣ።
«በይ ጫማሽን አራግፊ፤ ጭቃ ይዘሽ እንዳትገቢ።»

ሽንዲ ላይ ስሜን ሳልናገር፥ ጨው በዱቤ እወስዳለሁ፤
እዚህ «ባንቺአምላክ ነኝ» ስል፥ ለራሴም እንግዳ እሆናለሁ።

ሲስተር ጥሩአየር አደሉን፥ ለየአንዳንዳችን ብርቱካን፤
መርፌ ወጋነው፥ «አይዞህ» አልነው፥ እንደ ሕፃን አባበልን፤
ማታ ታካሚያችንን ልጠን በላን።

ቀጥሎ የልብ ምት።
«ሁለት ጣት፥ እዚህ ጋ። በአውራ ጣት አይለካም፤
የራስሽን ልብ ትሰሚያለሽ፥ የሕመምተኛው አይሰማም።
ደግሞ ስልሳ ሰከንድ ሙሉ! ሰላሳ ላይ አቁማችሁ፣
በሁለት አባዝታችሁ፥ እንዳላይ ጽፋችሁ።
ልብ በሁለተኛው ግማሽ፥ ሐሳቧን ልትቀይር ትችላለች።»
አንዷ ከኋላ፥ ምን ትዝ እንዳላት እንጃ፥ አለቀሰች።

ኅዳር ላይ ዋርድ ገባን። ነጩ ጋውን ሰፋኝ፤
ከኪሱ የሌላ ሰው፥ የቆየ ትኬት ወጣልኝ።
አልጋ ዐሥራ አራት፣
እማማ ደጊቱ፥ ከማቻከል የመጡት፣
የነጠላቸውን ቋጠሮ፥ ብሩ እንዳለ የሚዳስሱት።

እጃቸውን ያዝኩ። ሰዓቴን አየሁ።
«የማነሽ አንቺ ልጅ?»
(ዐሥራ ሰባት፥ ዐሥራ ስምንት)
«የሽንዲ ነኝ፥ እማማ።»
«እሱ ደሞ ወዴት ነው? ሱዳን ነው?»
(ሃያ ስድስት)
«ኧረ፥ ከቡሬ ወረድ ብሎ።»
«ቡሬንስ በስም እሰማለሁ…»
(አርባ አንድ። ወይስ አርባ ሦስት?)
ጠፋብኝ።
እንደ ተበጠሰ ዶቃ፥ ቁጥሩ ወለሉ ላይ ተበተነ።
«ይቅርታ እማማ፥ እንደገና።»
«ቁጠሪ፤ እኔ እንደሆን ዛሬ የትም አልሄድ።»

ሁለተኛው ላይ አፍንጫቸውን ወደ እጄ አስጠግተው
«አንቺ! በርበሬ በርበሬ ትያለሽ!» አሉ፥ ዓይናቸው በርቶ ቁጭ ብለው።
በሳሙና ታጥቤ ነበር፥ ሁለቴ፥ እስከ ክርኔ፤
ለካ ሽንዲ ከጥፍሬ ሥር፥ ተደብቆ መጥቷል ከእኔ።
ሳቁ። ሳቃቸው በጣቴ ሥር፥ ምቱን አሯሯጠው፤
ሰማንያ ስምንት ጻፍኩ። ስምንቱ የሳቅ ነው።

ማታ እናቴ ደወለች። ደጅ ላይ እትዬ ላቀች፥
የእኔኑ በርበሬ ተበድረው፥ ወጡን እያማሰሉ ያስነጥሳሉ።
«አሁንስ ለመድሽ?» አለች።
ምን ልበላት? ብርዱን? ያንን «የማነሽ» የሚሉትን?
ፍራሹን ለሦስት እንደምንካፈል፥ ተራዬ መሐል መሆኑን?
«ሰላሳ ላይ ነኝ፥ እማ፤ በሁለት አታባዢው» አልኳት።
አልገባትም መሰለኝ፤ ዝም አለች፥ ሳል ያዛት፤
«ብቻ ወፍራም ልበሺ» አለችኝ፤
ካርዷም እዚያ ላይ አለቀ።