ለጳጉሜን የሚሆን ድንጋይ

ኢዳር-ኦበርሽታይን፣ ናኸ ከተባለው ከወንዙ አጠገብ፣
ቤተ ክርስቲያኑ ከገደሉ ወገብ
እንደ ንብ ቀፎ ተጣብቆ ከቆመበት፣
ወር የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ አለበት።

ባለቤቱ ፎልክማር፤ ሰባ ስምንት ዓመቱ።
ወንድ አያቱ በደረቱ
ተኝቶ ነው አሉ ድንጋይ የሞረደው፣
ውኃ ከሚያዞረው መንኰራኵር ፊት፣ አቧራው ሳንባውን እስኪያነደው።
እኔ ወንበር አለኝ፣ መብራት አለኝ፣ ጓንት አለኝ፤
ደንበኛ ሁሉ የተወለደበትን ይነግረኛል፣ እኔን ማንም ሳይጠይቀኝ።

የጃንዋሪ ጋርኔት፣ የረጋ ደም መሳይ፣ ታማኝ ነው ይባላል።
የፌብሩዋሪው አሜቴስጢኖስ ስካር ይከላከላል፤
(ባለፈው ቅዳሜ ያንኑ ያሰረ አንድ ቢራ ጠማቂ
ደጃፋችን ወደቀ፤ ሆነ በራሱ ሳቂ።)
መረግድ ለሜይ፣ ለፍቅር፤ ሰንፔር ለሴፕቴምበር፣ ለእውነት፤
ሉል የጁን ነው፤ እሱስ ድንጋይም አይደል፣ ዛጎል ያመረቀዘው ቁስለት።

«ማነው ያከፋፈለው?» አልኩት አንድ ቀን።
መነጽሩን አወለቀ። «መጀመሪያ አሮን
ዐሥራ ሁለት ዕንቁ በደረቱ ያዘ፤ ኋላ ነጋዴ
ተሰብስቦ ተስማማ፤ አለቀ በዘዴ።
የአንቺስ ወር የቱ ነው?»
ወረቀቴን አወጣሁ።
«ጃንዋሪ አንድ» ይላል፤ እንዲህ ተብዬ ነው ከድንበር የመጣሁ።
«ጳጉሜን ሦስት» ብዬ ነበር፤ ጸሐፊው ጣቶቹን አጠፈ፣
«ዐሥራ ሦስተኛ ወር የለም» አለና የዓመቱን መባቻ ጻፈ።
ግማሹ መጠለያ በዚያች ቀን ነው የተወለደው፤
አንድ ኬክ ይበቃን ነበር፤ ግን ማን አስቦ ይጋግረው?

እናቴ ከደላንታ፣ ስልኩ እየተቆራረጠ፣ «ዓመቱን እንጃ፤ ቀኑን ግን አልረሳም፤
በሩፋኤል ዝናብ ነው፣ ጣራው ባፈሰሰው፣ የታጠብሽው፤ ሌላ ውኃ አልመጣም»
ትለኛለች ሁልጊዜ።

ፎልክማር በጣቱ አሰላ፤ ሴፕቴምበር ስምንት ላይ ደረሰ።
«እንግዲያ ሰንፔር ነሽ! በግማሽ ዋጋ» ብሎ መሳቢያውን ዳሰሰ።
«አይደለሁም» አልኩት። እንዴት ላስረዳው?
ደመወዝ የሌለው፣ ኪራይ የማይጠየቅበት፣
ሰማይ ብቻ የሚሠራበት ወር ምን ድንጋይ አለው?

ሰኞ ወይዘሮ ኢርምጋርድ ዐይኗ ቀልቶ ገባች።
የኦክቶበር ኦፓሏን ሳታወልቅ ሳህን ስታጥብ ዋለች፤
እሳቱ ጠፍቶበታል፤ ቀዩም፣ አረንጓዴውም፤ ብርጭቆ መስሏል።
«ሞተብኝ» አለች፤ «የባሌ ስጦታ፤ ገደ ቢስ ነው ሲሉ ነበር፤ እውነት ሆኗል።»
ገንዘቧን መለስን። ፎልክማር አጉረመረመ፦
«የደላንታ ኦፓል! ውኃ ጠጪ ነው፤ ማን አመነው፣ ማንስ ከሱ ጋር ከረመ?»
ከተመላሾች ጋር፣ ጨለማ ውስጥ ወረወረው።
ሐሙስ አቧራ ስጠርግ ከፈትኩት፤ ማንም ሳይዳስሰው
የጠጣውን ላየሩ መልሶ፣ ደርቆ፣ እሳቱን አንድዶ ይጠብቃል።
(ወይዘሮዋ ጋ ደወልኩ። «አልፈልገውም» አለች፤ «አንዴ የሞተ ይበቃል።»)

በየወሩ ከደመወዜ እያስቆረጥኩ፣ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ፤
ከሰሌዳው ሥር፣ ከዲሴምበር ዝቅ ብዬ፣ በእርሳስ «ጳጉሜን» አሰፈርኩ።
ትርጉሙ የሚጻፍበት ቦታ ግን ባዶ ነው፤ እርሳሱን አንሥቼ ተውኩ።

ዛሬ ይዘንባል። ከደጃፉ ወጥቼ እጄን ዘረጋሁ፤
ቀዩ ሄደ፣ አረንጓዴው ሄደ፤ ጠጠር አጥልቄ ቀረሁ።
መሐረብ ኪሴ ውስጥ አለ።
ይቆይ፤ ገና ደመናው አልቀለለ።