ገደልና መልካ

ክሊፎርድ ይሉታል፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤
ስሙን እስከ ትናንት ማንም አልነካው።
ትናንት ግን ባውቶቡስ፣ ከኋላ ወንበር ላይ፣
እንደ ትኩስ ዳቦ ለሁለት ገመሱት፤
«ክሊፍ ማለት ገደል፣ ፎርድ ማለት መኪና፤
ገደል የገባ ፎርድ!» እያሉ ሳቁበት።

ቦርሳውን ሳያወርድ አያቱ ፊት ቆሞ
«ይህን ስም ማን አወጣልኝ?» አለ ተቆጥቶ።
ሽማግሌው ደሪክ ከሻዩ ላይ ያለውን
ስስ የወተት ቆዳ በማንኪያው ገፍቶ ገፍቶ
«ኮትህን አታውልቅ» አለው።

ወጡ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤
ከፖም ዛፎቹ ሥር የረገፈው ፍሬ
ኮምጥጦ ይሸታል፣ ተርብ ይዞረዋል።
ደሪክ በዱላው ሳማውን እየመታ፦

«ፎርድ መኪና ሳይሆን፣ ሞተር ሳይፈጠር፣
ሰው ልብሱን ሰብስቦ የሚሻገርበት
ጥልቀት የሌለው ውሃ፣ መልካ ማለት ነበር።
ኦክስፎርድን ታውቃለህ? የበሬ መልካ ነው፤
ሊቃውንቱ ኋላ፣ በሬው ነው የቀደመው።
ሄርፎርድም፣ እናትህ ገበያ የምትወጣበት፣
ስሙ የጦር መልካ፣ ሠራዊት ያለፈበት።
ያንተ ደግሞ…» አለና ቆመ።

ፊት ለፊት ገደል። ከገደሉ ግርጌ ወንዝ።
የወንዙ ስም ዋይ ነው።
በእኛ አፍ ቢሆን ሙሾ ያስወርዳል፤
እነሱ ዋይ ሲሉ ውሃ ማለታቸው ነው፣
ዓሣ ያጠምዱበታል።

«ገደል ሥር ያለ መልካ፤ ይኸው ነው ትርጉሙ።
መጀመሪያ ለቦታው ብቻ ነበር ስሙ፤
ባላባት መጣና ግንብ ሠራ ከላይ፣
ከመሬቱ ጋራ ስሙንም ወሰደ፤
ሲውል ሲያድር ደግሞ ከግንቡ ወረደ፣
ያናጢውም ልጅ፣ የወፍጮ ቤቱም ልጅ ተጠራበት።
ውሃ ላይ ጀመረ፣ ሰው ላይ አለቀ።»

«ማን ላይ?» አለ ልጁ።
«ወንድሜ ላይ» አለ ደሪክ።

አሥራ አምስት ዓመቱ፤ የዳቦ ቤት ተላላኪ።
ድልድዩ ቀረጥ ነበረው፣ ለብስክሌት አንድ ፔኒ፤
ፔኒዋን ሊያተርፍ ብስክሌቱን ተሸክሞ
መልካው ውስጥ ገባ ማለዳ፣
በረዶ በሚቀልጥበት ወር።
ስሙ መሻገሪያ፤
ሳይሻገር ቀረ።

እናታቸው ከዚያ ወዲያ ስሙን አልጠራችም።
እንደ ተሰነጠቀ የሠርግ ሰሃን
ቃሉ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ወጣ፤
ስድሳ ሁለት ዓመት ያወረደው የለም፣
አባት ዝም፣ ጎረቤት ዝም፣
በመቃብሩም ድንጋይ ላይ ሽበት አበቀለ።

«ታዲያ ለምን ለኔ?» አለ ልጁ፣ ድምፁ ቀጥኖ፤
«የሞተ ሰው ስም ለምን ለእኔ?»

ደሪክ ወንዙን አየ።
ዱላውን ጭቃ ውስጥ ተከለ፣ ነቀለ፣
መልሶ ተከለ።
«ስሙን ስጠራ የሚመልስልኝ ሰው አማረኝ» አለ።

ልጁ ጥቂት አሰበ።
ወንዙ ቅርንጫፍ ይዞ አለፈ፣ ደግሞ አንድ ላባ።
«ብስክሌቱስ?»
«ተገኘ። ጎማው እንኳ አልተነፈሰም፤
አሥር ዓመት ነዳሁት።
ደወሉ ብቻ ዝጎ እምቢ አለ፤
ሲፈልግ ይጮኻል፣ ሲፈልግ ይተዋል።»

በድልድዩ ተመለሱ። ለእግረኛ ቀረጥ የለውም።
ልጁ ፊት ፊት፣ ጠጠር እየለጋ፣
ሰኞ ባውቶቡስ የሚለውን ያዘጋጃል፦
በሬው፣ ሠራዊቱ፣ ባላባቱ፣ ሁሉም በተራ።
ብስክሌቱን አይነግራቸውም።

ድልድዩ መሀል ከኋላው ተጠራ።
«ክሊፎርድ!»
«አቤት!»
«ምንም» አለ ደሪክ።
«ምንም አይደል። ሂድ።»