ገጽ አርባ ስምንት

ከኮምቦልቻ ወጣሁ፣ ሐረጎን፣ በሚኒባስ፣
ጉሙ በመስኮቱ ላይ ሲታበስ፣ ሲመለስ፤
በኪሴ ማመልከቻ፣ ስምንተኛው ቅጅ፣
«ነገ ተመለስ» ለሚል፣ ለዚያ ለቢሮ ደጅ።
የሽመና ማሽን ጠጋኝ ነበርኩ ድሮ፤
አሁን ጥፍሬ ነጭ ነው፣ በንጽሕናው አፍሮ።

መናኸሪያው ጥግ፣ ከጎማ ጠጋኙ ጎን፣
ጦይባ ለውዝ ትሸጣለች፣ ተከናንባ ሻሿን።
«የአሥር ብር» አልኳት፤ ርቦኝም አይደለ፤
ሥራ የፈታ ጥርስ ሐሳብ ያኝክ የለ?
ከአንድ መጽሐፍ ገንጥላ፣ እንደ ቀንድ ጠቅልላ
ሰጠችኝ። ለውዙ አልቆ፣ ልጥለው ስል ኋላ
ዓይኔ ፊደል ላይ ወደቀ።
ስለ ሸሚዝ ቁልፍ ነው።

«እናቴ ስትሞት» ይላል፣ «የወረስኩት ይኸው፦
አንድ የብስኩት ቆርቆሮ፣ ውስጡ ቁልፍ የሞላ፣
አንዱ ከአንዱ የማይገጥም፣ ሁሉም ሌላ ሌላ።
ሸሚዝ አልቆ ሲነትብ፣ መወልወያ ሊሆን ሲቀደድ፣
ቁልፉን ትፈታ ነበር፣ ተቀምጣ፣ አንድ በአንድ።
‹ለምንሽ ነው?› እላለሁ። አትመልስም። ታስቀምጣለች፤
ገና ላልተሰፋ ሸሚዝ፣
ላልተገዛ ጨርቅ፣ ላልተወለደ ልጅ ታስባለች።
እንግዲህ እኔም ዛሬ፣ ተስፋ ብዬ የምጠራው»

እዚህ ላይ ገጹ አለቀ።
አርባ ስምንት። ሌላው
የለም።

ቢሮው «ነገ» አለኝ፤ አላዘንኩም እንደ ወትሮ፤
የከነከነኝ ያ ዐረፍተ ነገር ነው፣ መሐሉ ላይ ተሰብሮ።
ወደ ጦይባ ተመለስኩ፦ «አርባ ዘጠኝ የታለ?»
«ኧረ! ለውዝ ነው የምሸጥ። ትናንት ይሆናል የተበላ።
የባቲ ሾፌር ወስዶት ይሆናል፣ ወይ የወልዲያ ነጋዴ፤
ሽፋኑንም አላየሁት፣ በኪሎ ነው የገዛሁ፣ ከአንድ ዘመዴ።
ግን አብሽር» አለችኝ፣ «የቀረው አለ ገና፤
ለውዝ ግዛና አንብብ።»
እንግዲያ ገዛኋና፣

ስለ ቦርከና ጎርፍ፣ አንድ እግር ጫማ ስለወሰደበት፣
ስለ ወረፋ፣ ሰው የሰው ጀርባ ብቻ ስለሚያይበት፣
ስለ ሰዓት ሠሪ ጎረቤቱ፣ የገዛ ሰዓቱ ስለቆመበት፣
ያለ ተራ አነበብኩ፣ ከኋላው ወደ ፊት፣
ጨው በነካው ጣቴ፣ በጦሳ ብርድ፣ ቆሜ።
አይመክርም ሰውየው። አይልህም «በርታ ወንድሜ»።
ትንሽ ነገር ያነሣል፣ አገላብጦ ያየዋል፣
አቧራውን እፍ ብሎ ቦታው ይመልሰዋል።
ስሙን እንኳ አላውቅም።

ሌሊት ግን አልጋዬ ላይ ቃሉን እጨርስለታለሁ፦
«ተስፋ ብዬ የምጠራው ደመወዝ ነው» እላለሁ።
«ልጄ ሳቅ ስትል ነው።» «መብራት ሲመጣ ነው።» እሰርዛለሁ።
ከማመልከቻው ጀርባ፣ ስምንተኛው ቅጅ ላይ፣
ቦታ ጠፍቶ ጻፍኩኝ፣ ቃል በቃል ላይ።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ዓርብ፣ ዘበኛው ሽኩር በሩን ከፈተልኝ።
አሥራ አራት ቁጥሯ ማሽን፣ ሸረሪት አድርታባት፣ ጠበቀችኝ።
ኤሌክትሪክ የለም። ክር የለም። ማንም አላዘዘኝ።
ብሎኗን ፈታሁ፣ ጠረግኳት፣ ዘይት አጠጣኋት፣
ገና ላልተፈተለ ክር፣
ላልመጣ ጧት።

ሰኞ ደሴ ወጣሁ። ጦይባ ከሩቅ ጠራችኝ፦
«ና፣ ያንተን ጉድ ውሰድ! ከሣጥኑ ሥር ነው ያገኘሁት» አለችኝ።
አርባ ዘጠኝ። አይጥ የቀመሰው፣ ጥጉ የተቀደደ፣
ከላይ ሁለት ቃል ብቻ፣ ሌላው በሙሉ ባዶ፦

«ይህንኑ ነው።»

«ምን ይላል?» አነበብኩላት።
«በቃ? ይሄን ለማለት ነው እንዴ ይህን ያህል መመላለስ?»
ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ ሚኒባሱ ጥሎኝ እስኪነሣ ድረስ።
ከዚያ ለምራቂ አንድ እፍኝ ዘገነች፣
ያለ ወረቀት፣
ጥፍሩ ከጠቆረ እጄ መዳፍ ላይ አፈሰሰች።