የተረፉ ቀኖች

ከመሬት በታች ነው የምሠራበት ቤት፣
ጥንት የኖራ ድንጋይ የተፈለጠበት።
ፔንስልቬንያ ላይ በረዶ ቢቆለል፣
ሣሩ ቢቃጠልም ማን ወሬ ያደርሳል?
ወቅት የለም እዚህ። ያለው ማህደር ነው፣
በብረት መደርደሪያ ሰው በሰው ላይ ያለው።
አገልጋይ ሲያረጅ በጋሪ ወረቀቱ ይመጣል፤
እኔ ቆጥሬ ስጨርስ ማረፍ ይፈቀድለታል።

ዛሬ የደረሰኝ፦ ቨርና ሃልቮርሰን፤
ወንዝ ስትለካ የፈጀች ዘመኗን፣
ሰሜን ዳኮታ ላይ፣ ጭቃ መሃል ቆማ፣
«ንጋት፤ የውሃው ልክ አሥራ አራት ጫማ»
እያለች በእርሳስ፣ ጣቷ ደርቆ በብርድ፤
በእሷ ቁጥር ከተማው ሲተኛ፣ ሲሰደድ።
ውሃ ስትሰፍር ኖራ ተራዋ ደረሰ፤
ሦስት ካርቶን ዕድሜ ጠረጴዛዬን አለበሰ።

ሕጉ ክፉ አይደለም፤ ጨካኝም አልለው፣
ከትርጓሜው ክፍል ልብ ነው የጎደለው።
ወር ሠላሳ ቀን ነው፣ ፌብሩዋሪም ጭምር፤
ቀን በቀን ይታከል፣ ወር በወር ይደመር፤
መጨረሻ ላይ ግን ወር ያልሞላ ትራፊ፣
ሃያ ዘጠኝ ቀንም ቢሆን፣ ከወንፊቱ አላፊ።

እንግዲህ ልቁጠራት።
አራት በጋ አለ፤ ጊዜያዊ ነበረች፤
መዋጮ አልቆረጡም፤ ኋላ ግን ከፈለች፣
ከነወለዱ፤ ደረሰኙም አለ፣
«ጥጃ ሸጠን» የሚል ጽሑፍ ዳሩ ላይ ያዘለ።
ያ የጎርፍ ሚያዝያ፣ አሥራ ዘጠኝ ሌሊት
ድልድይ ላይ አደረች፣ ገመድ ታስሮላት።
እሱም አሥራ ዘጠኝ ነው። ያው ነው። አይበዛም።
ለፍርሃት የሚታሰብ ጭማሪ የለም።

ከዚያ ባሏ ኤይናር ታመመ።
ከጥር እስከ ኅዳር ያለ ደመወዝ ወጣች፤
አጠበች፣ አጎረሰች፣ አገላበጠች፣ ቀበረች።
ሕጉ ስድስት ወሩን በዝምታ ያልፋል፤
አምስቱን ግን ይዞ ከዘመኗ ያጎድላል።
ገጹን ስገልጥ ደግሞ የሕመም ፈቃድ አለ፣
ሠላሳ ዓመት ያህል ሳትነካው የዋለ፤
ሰዓቱ ሲመነዘር ሰባት ወር ወጣለት።
ያልታመመችውን ሕመም ደመርኩላት፣
ያስታመመችውን ሕመም ቀነስኩባት።

ድምር፦
ሃያ ዘጠኝ ዓመት። አሥራ አንድ ወር።
ሃያ ስምንት ቀን።
ሁለት ቀን ቢገኝ ነው ሠላሳ የሚሆን።

«ዝጊውና ቀጥዪ» አለኝ ፕሮኮፕ፣ አለቃዬ፤
እውነቱን ነው፤ ሌላ መቶ ቆሟል ከኋላዬ።
ባለፈው ደውላ ነበር፤ ጠበቅኩ ስለ ገንዘብ፤
እሷን ያስጨነቃት ሌላ ነበር ሐሳብ፦
«መሣሪያ ተክለዋል አሉ፤ ሰው አይወርድም ታች፤
ወንዙ ሲቆጣ ታዲያ ማን ያያል ዓይኑን?» አለች።

ሦስተኛው ካርቶን ሥር፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣
የወንዝ መዝገብ አገኘሁ፤ ርሶ፣ ደርቆ፣ ቆስሎ።
የቋሚ ቅጥር ደብዳቤዋ «ከሰኞ» ነው የሚለው፤
መዝገቡ ግን ቅዳሜን፣ እሁድን ነው ያለው፣
በእሷው እጅ፣ በእርሳስ፦ «ሰባት ጫማ ተኩል»።
ወንዝ ምስክር ይሆናል? ሕጉ የት ላይ ይላል?

ደብዳቤ ጻፍኩ፦ «ሁለቱን ቀን የሚያውቅ ካለ፣
በሕይወት ያለ ሰው፣ ያኔ አብሯት የዋለ፣
ቃሉን ይላክልን።» ማህተም አሳረፍኩ፤
«ተጠናቋል» ሳይሆን «በመጠባበቅ» አልኩ።

ማታ ስወጣ ዝናብ ነው። ከዋሻው በር
ያለው ትንሽ ጅረት ያጉረመርም ጀመር።
የእኔም አሥራ ሰባት ዓመት፣ አራት ወር፣ ጥቂት ቀን
እዚያ ታች ተኝቷል፤ ሌላ እጅ እስኪመዝን።
መኪናዬን ሳላስነሳ ቆሜ አየሁት፤
ስንት ጫማ ይሆን?
እኔ እንጃ። የእኔው ጫማ ብቻ ራሰበት።